«ሲስተም የለም» በሁለት ሰዓት

ቅዳሜ በጎንደር የገበያ ቀን ነው። ከጭልጋ፣ ከደንቢያ፣ ከዳባት በኩል የሚመጣው ሰው ከተማዋን ይሞላታል። ብዙዎቹ ወደ ገበያ ከመውረዳቸው በፊት ሐኪም ያያሉ። እኔ የምሠራበት የግል ክሊኒክም ቅዳሜ ጠዋት ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ ይጨናነቃል።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ልጇን ያዘለች እናት ቆማ አየሁ። ከአይከል በሌሊት ተነስታ ነው የመጣችው። ልጅቱ ትኩሳት አለባት። ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት የካርድ ክፍል ሠራተኛ «ትንሽ ታገሺ የኔ ልጅ፣ ሲስተም የለም» አሏት። እናትየዋ ምንም አልመለሰችም። ልጇን ወደ ፊት አዙራ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

የክሊኒኩ መዝገብ ሁሉ ያለበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የምጠብቀው እኔ ነኝ። «የለም» የተባለው ነገር የእኔ ኃላፊነት ነው። ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሮጥኩና ሪስታርት አደረግሁት። በአምስት ደቂቃ ተነሳ። ሰልፉም መንቀሳቀስ ጀመረ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ሥራዬ ይኸው ሆኖ ነበር። ጠዋት ስልኬ ይጮኻል፤ ሪስታርት አደርጋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ሪስታርት ክፉ ልማድ ነው። ችግሩን ያስታግሳል፣ ማስረጃውንም አብሮ ጠርጎ ይወስደዋል። ማሽኑ ሲነሳ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚነሳው፤ ያን ጊዜ ምን ብትፈልግ አታገኝም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራትን ነው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ ስለደከመ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም። ቀጥሎ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ስዊች ጠረጠርኩና አስቀየርኩት። ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየሁ፤ ሰፊ ቦታ አለው። የዲስኩን ጤንነት መረመርኩ፤ ደህና ነው። ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብበትን ሎግም ከፍቼ «ኤረር» (ስሕተት) የሚለውን ቃል ፈለግሁ። የሚረባ ነገር አልወጣም። አሁን ሳስበው፣ ሎጉ መልሱን ይዞ ነበር። እኔ ግን የፈለግሁት ስሕተትን ብቻ ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው ሥራ ደግሞ በራሱ በኩል ምንም ስሕተት አልነበረበትም፤ የታዘዘውን ነው የሚፈጽመው።

የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ «እትዬ» እያልኩ ነው የምጠራቸው። ኮምፒውተር ሳይገባ በፊት ጀምሮ ካርድ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ደብተር ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። «መብራት በጠፋ ጠዋት እኮ አያስቸግረንም።»

«እንዴት እትዬ? መብራት ከጠፋማ ሰርቨሩ ራሱ ይጠፋል።»

«ሲመጣ ነው የምልህ። ከሁለት ሰዓት በፊት ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከመጣ፣ የዚያን ቀን ደህና ይውላል። ሳይጠፋ ካደረ ነው ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ቀጥ የሚለው። ደግሞ የድሮ ካርድ ስፈልግ ይከፍትልኛል። አዲስ ሰው መዝግቤ አስቀምጥ ስለው ነው እምቢ የሚለኝ።»

ደብተሩን ከፈቱልኝ። ቀንና ሰዓት በእጃቸው ጽፈዋል። ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ምን ሆነ?» ስል ነበር፤ «መቼ?» ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም። ብልሽት ሰዓት አያከብርም። ሰዓት የሚያከብር ነገር ቀጠሮ የተሰጠው ነገር ነው። ማንበብ ተችሎ መጻፍ እምቢ ማለቱም ሌላ ትልቅ ፍንጭ ነበር፤ ስዊች ወይም ገመድ ቢሆን ሁለቱም ነበር የሚቆሙት።

ወደ ሥራ አስኪያጃችን ሄድኩ። «ዶክተር፣ ነገ ጠዋት ሪስታርት ሳላደርግ እንድመረምረው ይፍቀዱልኝ። ካርድ ክፍል ለአንድ ሰዓት በወረቀት ይመዝግብ» አልኳቸው። ፈቀዱ። ይህ ፈቃድ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ጠቅሞኛል። ሰልፍ እያየ የሚመረምር ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው።

ማክሰኞ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተርሚናሉ ፊት ተቀመጥኩ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አራት ኮር አለው። ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን «ቶፕ» የሚባለውን ትዕዛዝ ከፍቼ ጠበቅሁ። ሁሉም ነገር ዝም ብሏል። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሎድ አቬሬጁ፣ ማለትም በሥራና በወረፋ ላይ ያሉ ሥራዎች አማካይ ቁጥር፣ መውጣት ጀመረ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከስድስት አለፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሎድ ሲወጣ ፕሮሰሰሩ ተጨናንቋል ብለን እንደመድማለን። ሊኑክስ ግን ሎድን ሲቆጥር ፕሮሰሰር የሚሻሙትን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ ዲስክ እየጠበቁ የቆሙትንም ይጨምራል። ዓይኔን ወደ ፕሮሰሰሩ መስመር አዞርኩ። አንዱ ኮር ሥራ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ግን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በመጠበቅ ነው። «ደብልዩ ኤ» የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ዲስክን በመጠበቅ ያለፈው ጊዜ፣ ግማሽ ያህሉን ይዟል። በ«ፒኤስ» ትዕዛዝ የፕሮሰሶቹን፣ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ዝርዝር አወጣሁ። የሁኔታ ዓምዱ ላይ «ዲ» የሚል ፊደል ያለባቸውን ለየሁ፤ ዲስክ ላይ ተጠምደው ምንም የማይሰሙት እነሱ ናቸው። ሙሉውን ዝርዝር ሳነብ ዳታቤዝ የሚገለብጠውን «ማይኤስኪውኤል ደምፕ» እና ፋይል የሚያምቀውን «ጂዚፕ» አገኘሁ።

ባክአፕ ነው፣ የመጠባበቂያ ቅጂ። የሕሙማኑን መዝገብ በሙሉ እያነበበ፣ እያመቀ፣ እዚያው ዲስክ ላይ መልሶ ይጽፋል። በጠዋት፣ ሰው በተሰለፈበት ሰዓት።

ዳታቤዙ ውስጥ ገብቼ በሥራ ላይ ያሉትን ግንኙነቶች አየሁ። ፊት ላይ ባክአፑ አለ። ከኋላው የካርድ ክፍል፣ የላቦራቶሪ፣ የገንዘብ ተቀባይ ጥያቄዎች ተሰልፈው ቁልፍ እስኪፈታ ይጠብቃሉ። ደጅ ያለው ሰልፍ ውስጥም ነበረ። ማይኤስኪውኤል ደምፕ ሌላ ነገር ካልተነገረው በስተቀር ቴብሎቹን፣ የመረጃ ሰንጠረዦቹን፣ ለንባብ ቆልፎ ነው የሚገለብጠው። ሌላው ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ ግን አይችልም። እትዬ ያሉኝ በትክክል ይኸው ነበር።

ክሮን የሚባለው ፕሮግራም በቀጠሮ የሚሠራቸው ሥራዎች የተጻፉበትን ክሮንታብ ከፈትኩ። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ 0 8 * * *። የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፣ ሁለተኛው ሰዓት፣ ኮከቦቹ በየቀኑ፣ በየወሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ማለት ናቸው። ባክአፕ፣ በስምንት ሰዓት።

ይህን መስመር ኅዳር ላይ ሥራውን ስረከብ አንብቤው ነበር። በደንብ አንብቤ፣ ትክክል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ምክንያቱም እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። ባክአፕና ስምንት የሚለውን አንድ ላይ ሳይ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ የተኛበት፣ ለባክአፕ የሚመረጥ ሰዓት። ማሽኑ ግን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ለእሱ ስምንት ማለት ለእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። የሰርቨሩ ሰዓት በአፍሪካ አዲስ አበባ ቀጠና ተስተካክሏል፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ይቀድማል። ሰዓቱ ትክክል ነበር። መስመሩም ያለ ስሕተት ተጽፏል። የተሳሳተው በጸሐፊው ልብ ባለው ስምንትና በማሽኑ ስምንት መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ነው።

እኛ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። የአውሮፕላን ትኬት ላይ አንዱን፣ ቤት ውስጥ ሌላውን እንጠቀማለን፤ ብዙ ጊዜም አንስትም። ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። ዩኒክስና ዘመዶቹ ጊዜን የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጆቹ ከጥር 1 ቀን 1970 መባቻ ጀምሮ ባለፉ ሰከንዶች ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ማሽኑ ጠዋትም ማታም አያውቅም። ጠዋትና ማታ የምንለው እኛ ነን፤ ትዕዛዙን የምንጽፈውም እኛው።

ከእኔ በፊት ለነበረው ባለሙያ ደወልኩለት። አሁን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። መስመሩን ሳነብለት ዝም አለ። «ሌሊት ስምንት ብዬ ነበር እኮ» አለኝ። አልወቀስኩትም፤ እኔም እንደዚያው ነው ያነበብኩት። ለምን አሁን ተሰማን ብንል፣ ያኔ መዝገቡ ትንሽ ስለነበረ ባክአፑ ሰው ሳያውቀው በአንድ ሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ከዚያ የአልትራሳውንድ ምስሎች ዳታቤዙ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ። ሁለት ደቂቃው አሥር፣ አሥሩ አርባ ሆነ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሪስታርት ሳደርግ ችግሩ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ባክአፑን መሐል ላይ ስለምቆርጠው ነው። መብራት በጠፋ ጠዋት ደህና የሚሆነውስ? በሁለት ሰዓት ማሽኑ ጠፍቶ ስለሚሆን ነው። ክሮን ደግሞ ያለፈውን ቀጠሮ ተመልሶ አይሠራውም።

ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባክአፕ ነበረን ወይ?

የባክአፑን ማኅደር ስከፍት እጄ ይቀዘቅዝ ነበር። ስክሪፕቱ ከ14 ቀን በላይ የቆየውን ስለሚያጠፋ የቀረው የሁለት ሳምንት ብቻ ነው። የፋይሎቹ መጠን ወጣ ገባ ነው። አንዱ ትልቅ፣ ሌላው የእሱ ሩብ፣ አንዳንዱ ቀን ጭራሽ የለም። እያንዳንዱን በጂዚፕ መፈተሻ አሳለፍኩት። ሩብ ሩብ የሚያህሉት ሁሉ ፋይሉ ሳይጠበቅ አለቀ የሚል መልስ ሰጡ። ሙሉ ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም የእሑድ ናቸው። እሑድ መደበኛው ካርድ ክፍል ስለሚዘጋ ለእኔ የሚደውል የለም፤ እኔም ሪስታርት አላደርግም።

ያ ዲስክ ቅዳሜ ማታ ቢሞት ኖሮ የስድስት ቀን ሕሙማን ታሪክ አብሮ ይሞት ነበር። መድኃኒታቸው፣ የላቦራቶሪ ውጤታቸው፣ አለርጂያቸው። የአይከሏ እናት ልጅ ካርድም ከነዚያ አንዱ ነው። በእጄ፣ ለመርዳት ብዬ፣ በየቀኑ ነበር የምቆርጠው።

ወዲያው ለዶክተሩ ነገርኳቸው። አንድም ነገር አልደበቅሁም። «የዛሬው እስኪያልቅ አትንካው» አሉኝ። አርባ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። እትዬ በወረቀት መዘገቡ። ሲያልቅ ፈትሼው ሙሉ ነበር፤ በዚያው ሰዓት ወደ ውጭ ዲስክ ቀዳሁት።

ማስተካከሉ ከምርመራው ይልቅ ቀላል ነበር። ስምንቱን ወደ ሁለት ቀየርኩ። ከመስመሩ በላይ «ሌሊት 8 ሰዓት በእኛ፣ 02:00 በማሽኑ» ብዬ ጻፍኩ። ቴብሎቻችን ኢኖዲቢ በሚባለው የማስቀመጫ ዓይነት ስለሆኑ ደምፑ ሳይቆልፍ በአንድ ትራንዛክሽን፣ መዝገቡን በጀመረበት ቅጽበት እንደነበረው፣ እንዲገለብጥ «ሲንግል ትራንዛክሽን» የሚለውን አማራጭ ጨመርኩ። ባክአፑ ዳታቤዙ ወዳለበት ሳይሆን ወደ ሌላ ዲስክ ይጻፋል። መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይቀመጣል፤ ተፈትሾ ሙሉ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው ትክክለኛ ስሙን የሚያገኘው። ግማሽ ፋይል ሙሉ መስሎ እንዳይቀመጥ ነው ይህ። አሮጌውም የሚጠፋው አዲሱ ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ፣ ማሽኑ ማታ 2 ሰዓት ላይ የዕለቱ ፋይል መኖሩን አይቶ ከሌለ ያን ጊዜ ይሠራዋል። ለዚህኛው የጻፍኩት 20 ነው፤ ሦስቴ ቆጥሬ።

የከተራ ሳምንት ደረሰ። ከተማው ወደ ፋሲል መዋኛ ለመውረድ ሲዘጋጅ እኔ አንድ ትርፍ ኮምፒውተር ላይ የሌሊቱን ባክአፕ እየመለስኩ ነበር። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ላይ ከእንግዲህ እምነት የለኝም። ሲያልቅ እትዬን ጠራኋቸው።

«ከዚህ ውስጥ አንድ ሰው ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። «ያቺን ትኩሳት የነበረባትን ልጅ፣ ከአይከል የመጣችውን።»

መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ስሟን ያስታውሱታል። በሁለት ጣት ቀስ ብለው ጻፉ፤ ትንሽ ጠበቁ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ዕድሜዋን፣ የታዘዘላትን መድኃኒት፣ ድጋሚ የታየችበትን ቀን አነበቡ።

«አለች» አሉ።