የሚፈላው ጥግ

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። አዲስ አበባ ዳር ባለ የጋራ መኖሪያ ሰፈር፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ነዋሪዎች እየመጡ አቤት ይሉ ጀመር። እውነታቸውን ነው። ጠዋት መስኮት መክፈት አልቻሉም።

አየር የሚነፋበትን ገንዳ ኦክስጅን ለካሁ። 0.4 ሚሊ ግራም በሊትር። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በደንብ እንዲሠሩ ወደ 2 መድረስ ነበረበት። ሁለቱም ብሎወሮች፣ ማለትም አየር ወደ ገንዳው የሚነፉት ማሽኖች፣ ግን ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። አንደኛው መጠባበቂያ ነበር፤ ሥራ ከጀመረ ወር አልፎታል። የአየር ቱቦውን ግፊት የሚለካውን ጌጅ አየሁ፤ እንደ ድሮው ነው። መስመሩ ደህና ነው፣ ያነሰን አየር ነው ብዬ ደመደምኩ። ምክንያትም አላጣሁም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ ንጹህ ውሃ፣ እዚህ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። ሦስተኛ ብሎወር ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ።

ደብዳቤውን ይዤ ስወጣ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ኦፕሬተር ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። አንዱ ጥግ ላይ ውሃው እንደ ድስት ይንተከተካል። እኔ ያን ጥግ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ቢያንስ እዚህ አየር አለ እል ነበር።

«ልጄ፣ እዚያ የሚፈላው የሌላውን ድርሻ እየበላ ነው» አሉኝ። «ስንረከበው ገንዳው በሙሉ ካፊያ የሚወርድበት ነበር የሚመስለው።»

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

ዲፊውዘር ማለት ገንዳው ወለል ላይ የሚደረደር፣ ሳህን የመሰለ የአየር ማከፋፈያ ነው። ፊቱ ላይ ጎማ ተወጥሯል። ጎማው በጣም ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ አየር ሲገፋው ይከፈታሉ፣ ሲቆም ይዘጋሉ። አየሩ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ቁም ነገሩ ያለው ትንሽነቱ ላይ ነው። ባለ 1 ሴንቲ ሜትሩ አንድ አረፋ ቢከፋፈል፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር 125 አረፋዎች ይሆናል። አየሩ ያው ነው፤ ውሃውን የሚነካው ገጽ ግን አምስት እጥፍ ያድጋል። ትንሹ አረፋ ወደ ላይ የሚወጣውም ቀስ ብሎ ነው፤ ኦክስጅኑ ለመሟሟት ጊዜ ያገኛል። ትልቁ ሽው ብሎ ወጥቶ ይፈነዳል። እንዲህ ባለ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚሄደው ለዚሁ አየር ነው። እኔ ስደሰትበት የነበረው ፍልቅልቅታ በከንቱ የሚባክን ገንዘብ ነበር።

ፍሳሹን ወደ ጎረቤት ገንዳ አዙረን ይሄኛውን አደረቅነው። መርዛማ ጋዝ አለመኖሩን ሳንለካ ማንም አልወረደም፤ በዚህ ድርድር የለም።

ጥግ ላይ ያለው፣ ሳህኖቹ የተተከሉበት የአየር ቱቦ የድጋፍ ብሎኑ ላልቶ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነስቷል። ከበላዩ 4 ሜትር ውሃ ላለበት ቱቦ ይሄ ምንም አይመስልም። አየር ግን ከላዩ ትንሽ ውሃ ወዳለበት ያደላል። ያ መስመር ከድርሻው በላይ ሲተነፍስ ከረመ። ጎማዎቹ ተለጥጠው ደከሙ፤ ሰባቱ ተቀደዱ። ከተቀደዱ በኋላማ አየሩ ጭራሽ ወደዚያው ጎረፈ። የቀሩት መስመሮች አየር ሲያንሳቸው ነጭ ቅርፊትና ዝልግልግ ነገር ለበሱ፣ ቀዳዳቸው ተደፈነ።

ጌጁስ? ጎማ ሲቀደድ ግፊት ይወርዳል። ቀዳዳ ሲደፈን ግፊት ይወጣል። ሁለቱ ብልሽቶች ተጣፍተው መርፌውን ድሮ በነበረበት አቁመውታል። ይህ ሲገባኝ እዚያው ደረቁ ገንዳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። አምኜው የነበረው ቁጥር ትክክል ነበር። የሚነግረኝ ግን እኔ የገመትኩትን አልነበረም።

የተቀደዱትን ቀየርን። የተደፈኑትን በቀላል አሲድ አጠብን። ብሎኖቹን አጠበቅን። ከዚያ ግንበኛ በጎማ ውሃ ልክ እንደሚለካው፣ ገንዳው ውስጥ ሳህኖቹ ፊት ድረስ ብቻ ንጹህ ውሃ አስገባን። ቀድሞ የሰጠመው ዝቅ ብሏል፤ ከውሃው በላይ የቀረው ከፍ ብሏል። ሁሉም እኩል እስኪሆኑ አስተካከልን። አንድ ስንዝር ጨምረን አየር ለቀቅንና ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየን። ቶሎ ሙሉት የሚል ጫና ነበረብን። ጋሼ ግን ሁለተኛ ዙር ካላየሁ ብለው አስቆሙን፤ ያላየነው አንድ የተቀደደ ጎማም አገኙ። በዚያች ስንዝር ውሃ በደቂቃ የሚታየው፣ ገንዳው ከሞላ በኋላ እንደገና ማድረቅ ይጠይቅ ነበር።

ገንዳው ሞልቶ ወደ ሥራ በተመለሰ በሦስተኛው ጠዋት ኦክስጅኑ 2.1 ደረሰ። ሽታውም በሳምንቱ ጠፋ። መጠባበቂያውን ብሎወር ያጠፉት ጋሼ ናቸው። ግቢው ጸጥ ሲል ገንዳውን አንዴ ዞሩት፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከዳር እስከ ዳር ካፊያ ነበር።