ጄምስ ዉድ አሁን የሚሸጥ ልጅ አይደለም፦ የቤዝቦል ልውውጥን መመዘን ስማር

ባለፈው የስኮር ደብተር (የቤዝቦል ጨዋታ በምልክት የሚመዘገብበት) አያያዝን እንዴት እንደለመድኩ አካፍያችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወቅቱ አልቋል፣ ብርዱም ገብቷል። ጨዋታ በሌለበት በዚህ ጊዜ የያዝኩት ትምህርት የተጫዋች ልውውጥን መመዘን ነው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እጽፋለሁ፣ እዚህ ሁሉም ነገር የሚቆጠረው በእሱ ነው።

መነሻ የሆነኝ አንድ የስፖርት አምደኛ ያቀረበው ሐሳብ ነው። የቤዝቦሉ ክለብ ዋሽንግተን ናሽናልስ መቺውን ጄምስ ዉድን አሳልፎ ይስጥና ከአንድ የአሜሪካን ሊግ (ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ክለብ ሁለት ወጣት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች)፣ አንድ ካቸር (የሚወረወረውን ኳስ ተቀባይ) እና አንድ የሜዳ ተጫዋች ይቀበል ይላል። የልጆቹን ስም አልዘረዝርም። እነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ የማልስማማው ስሌቱ ላይ ነው። አምደኛው ተራ ሰው አይደለም፤ ጽሑፉን በጥንቃቄ ነው የሠራው። ለዚህም ነው መልሱን ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት።

ለአዲሶቹ ትንሽ ላብራራ። በእግር ኳስ አንድ ክለብ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች ያዛውራል። እዚህ ግን በአብዛኛው ሰው በሰው ነው የሚለወጠው። ተጫዋቹም ውሉን እንደያዘ ይሄዳል። ውሉ ላይ የእምቢታ መብት ያስጻፈ ወይም ብዙ ዓመት ያገለገለ ካልሆነ በቀር አልሄድም ማለት አይችልም። በ2022 ኤሪክ ሆዝመር ውሉ ላይ ያንን መብት ስላስጻፈ ወደ ዋሽንግተን አልሄድም ብሎ ቀርቷል። ሌሎቹ ግን ስልኩ ሲደወል ሻንጣቸውን ይይዛሉ።

ዉድ የሰፈራችን ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሜሪላንድ ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ነው ያደገው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለነው ጎረቤት ማለት ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በግራ ነው የሚመታው። በ2025 ገና በ22 ዓመቱ ኦል ስታር (ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ሆኗል። በወቅቱ 31 ሆምራን (መቺው ራሱ ሜዳውን ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) መትቷል፣ በምቶቹ 94 ሩጫ (ነጥብ) አስገብቷል። ግን 221 ጊዜ ስትራይክአውት ሆኗል፣ ማለትም ስቶ ወይም አሳልፎ ሦስት ስትራይክ ሞልቶበት ወጥቷል። በአንድ ወቅት ከዚህ በላይ የሆኑ ሰዎች በታሪክ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ማርክ ሬይኖልድስ በ2009 223 ጊዜ፣ አዳም ደን በ2012 222 ጊዜ።

የአምደኛው ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ዉድ ከኦል ስታር እረፍት በፊት 24 ሆምራን ነበረው፣ ከእረፍቱ በኋላ የጨመረው 7 ብቻ ነው። ቡድኑ 66 አሸንፎ 96 ተሸንፏል። የፒቸሮቹ ነገር ደግሞ አያድርስ ነው። ስለዚህ ዋጋው ሳይወድቅ ይሸጥ፣ በእሱ ብዙ ቀዳዳ ይደፈን ይላል። ቀዳዳው እንዳለ እኔም አልክድም።

መጀመሪያ የተማርኩት ከስሙ በፊት የቀሩትን ዓመታት መቁጠር ነው። አንድ ተጫዋች በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት አገልግሎት እስኪሞላ ድረስ በክለቡ እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም የራቀ አይደለም። ዝቅተኛው በ2026 780 ሺህ ዶላር ነው። ቀጥሎ በግልግል ዳኝነት የሚወሰን ደመወዝ ይመጣል፣ በየዓመቱም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ነው ነፃ ሆኖ ወደፈለገበት የሚሄደው። ዉድ ሐምሌ 1 ቀን 2024 ነው የገባው። ሲሰላ እስከ 2030 መጨረሻ የዋሽንግተን ነው። ከ2026 ጀምሮ አምስት ሙሉ ወቅት! አምደኛው ስለሚመጡት አራት ልጆች አንቀጽ በአንቀጽ ጽፏል። ስለሚሄዱት አምስት ዓመታት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው። ይሄ በጣም ነው የቆረቆረኝ።

ወደ ስትራይክአውቱ ልምጣ፤ የስኮር ደብተሩ እዚህ ላይ ጠቅሞኛል። ሰውየው ዱላውን (ባቱን) ሰንዝሮ ስቶ ከወጣ ኬ (K) ትጽፋላችሁ። ቆሞ እያየ ሦስተኛው ስትራይክ ካለፈበት ደግሞ ኬዋን ገልብጣችሁ ትጽፋላችሁ። የዉድን ረድፍ ስመለከት ሁለቱም አሉ፣ ግን በኬዎቹ መሃል ዎኮቹም (ከስትራይክ ክልል የወጡ አራት ኳሶችን ሳይሰነዝር አሳልፎ ወደ አንደኛ ቤዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ማረፊያ የሄደባቸው) ብዙ ናቸው። ልጁ ያገኘውን ሁሉ የሚያሳድድ አይደለም። በ2025 ባት ይዞ ከገባባቸው 100 ጊዜያት 35ቱን ያህል ቤዝ ላይ ደርሷል። ኳስ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ስትራይክ ውስጥ ይገባል፣ ያ የመምረጡ ዋጋ ነው። ቁመቱም አለበት። ረጅም ሰው ላይ የስትራይክ ክልሉ ከጉልበቱ እስከ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ክንዱም ስለሚረዝም ወደ ውስጥ የገባችን ኳስ ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋል።

እሱን የሚያህል ቁመት ያለው ሌላ ሰው አለ፣ የያንኪሱ አሮን ጀጅ። በ2017 በመጀመሪያ ሙሉ ወቅቱ 208 ጊዜ ስትራይክአውት ሆኖ ነበር። ያኔ 25 ዓመቱ ነው። በዚያው ወቅት 52 ሆምራን መታ። ከዚያ በኋላ በ2022 62 መትቶ የአሜሪካን ሊግን ሪከርድ ሰበረ፣ ሦስት ጊዜም ኤም ቪ ፒ (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። ዉድ ጀጅ ይሆናል እያልኩ አይደለም። የምለው ረጅም ልጅ በ22 ዓመቱ ስትራይክአውት ስለበዛበት ብቻ ጣሪያው ታይቷል ማለት አይቻልም ነው።

ተቃራኒ ቡድኖችስ እንዴት ያዩታል? ሰኔ 29 ቀን 2025 ከኤንጀልስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ዉድ አራት ጊዜ ሆን ተብሎ ዎክ ተሰጥቶታል። የተቃራኒው አሰልጣኝ ከዳጋውት (ከቡድኑ መቀመጫ) አራት ጣቱን ያሳያል፣ ዳኛው ወደ አንደኛ ቤዝ ይልከዋል፣ አንድም ኳስ አይወረወርም። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዲህ የተደረገበት ሰው ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ አልነበረም። በስትራይክአውት ብቻ የሚመዘን መቺ ቢሆን ኖሮ ፒቸሩ በደስታ ይወረውርለት ነበር። የፈሩት ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደሚመጡት ፒቸሮች። ሁለት ፒቸር፣ አንድ ካቸርና አንድ የሜዳ ተጫዋች የሚለውን ሳነብ የሆነ ቦታ የማውቀው መሰለኝ። ሄጄ ሳየው የ2021ዱ ልውውጥ ነው። በዚያ ሐምሌ ናሽናልስ ማክስ ሸርዘርንና ትሬይ ተርነርን ለዶጀርስ ሰጥቶ ጆሳያ ግሬይ፣ ጄራርዶ ካሪዮ፣ ኪበርት ሩይዝና ዶኖቫን ኬሲን ተቀበለ። ሁለት ፒቸር፣ አንድ ካቸር፣ አንድ የሜዳ ተጫዋች፤ ቁርጥ ያው ነው። ግሬይ በ2023 ኦል ስታር ሆነ። በ2024 ሁለት ጨዋታ ጀምሮ ክርኑ ተጎዳ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ 2025ንም ሙሉ አልወረወረም። ካሪዮና ኬሲ በዋናው ሊግ ለዋሽንግተን አንድም ጨዋታ አልተሰለፉም። ሩይዝ ረጅም ውል ፈርሟል፣ ግን 2025ን በጭንቅላት ጉዳት ሳይጨርስ ቀረ። ያኔ ክለቡ ምክንያት ነበረው። የሸርዘር ውል በዚያው ዓመት ያልቃል፣ የተርነርም በዓመቱ። የዉድ ግን ገና ነው።

የፒቸር ክንድ ላይ ተስፋ መጣል ይህን ያህል ከባድ ነው። የዋሽንግተኑ ፒቸር ኬድ ካቫሊም በ2023 የክርን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ዋናው ሊግ የተመለሰው በነሐሴ 2025 ነው። ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ የክለቡ ፒቸር የነበረው የስቲቨን ስትራስበርግ ነገር ነው። በ2019 የዓለም ሻምፒዮናው ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፣ ከዚያ በኋላ የጀመራቸው ጨዋታዎች ስምንት ብቻ ናቸው። ትጉህ ሰው ነበር፣ ሰውነቱ ነው እምቢ ያለው።

ይህን ሁሉ አብረውኝ ለሚሠሩ አንድ ጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ከተማዋ ቡድን ሳይኖራት ጀምሮ ቤዝቦል ያያሉ። ኤክስፖስ የተባለው ክለብ ከሞንትሪያል ወደዚህ መጥቶ ናሽናልስ የሆነው በ2005 ነው፣ ከዚያ በፊት ባልቲሞር ድረስ እየሄዱ ኦሪዮልስን ነበር የሚያዩት። እሳቸው ከአምደኛው ጋር ናቸው።

«ልጄ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው» አሉኝ። «ሃርፐር ሄደ። ሶቶም አልቆይም አለ። ይሄም ልጅ ጊዜው ሲደርስ ጥሎሽ ይሄዳል። ሶቶን በጊዜ ባይሸጡት ዉድን ከየት ታገኚው ነበር?»

ሃርፐርና ሶቶ የክለቡ የቀድሞ ኮከቦች ናቸው። ከአምደኛው ክርክር ይልቅ የጋሼ ነው የከበደኝ። እውነታቸውን ነው፣ ዉድ የመጣው በሶቶ ነው። ነሐሴ 2 ቀን 2022 ሁዋን ሶቶና ጆሽ ቤል ወደ ሳንዲያጎ ሲሄዱ፣ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ሮበርት ሃስል፣ ጃርሊን ሱሳና፣ ሉክ ቮይትና ዉድ መጡ። ዉድ ያኔ ገና 19 ዓመቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ሶቶ እኮ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈርምም ብሎ ነበር» አልኳቸው። «በክለቡ እጅ የቀረውም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው። መልሱ ታውቋል፣ ሰዓቱም እየሮጠ ነበር። ዉድ ግን አምስት ዓመት አለው። ሃርፐር የሄደውም ጊዜው ስላለቀ ነው እንጂ አምስት ዓመት እየቀረው አይደለም።» ሶቶ በኋላ ከሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን መፈረሙን ስጨምርላቸው ጋሼ ሳቁ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

እኔም አልቀየርኩም። ሶቶን ሰጥተው ያገኙትን ልጅ፣ ገና ማፍራት ሲጀምር፣ እንደገና ለሌላ ተስፋ መስጠት የዘር እህል መብላት ነው። በ2022 የተለዋወጡት ዛሬ ለመጠቀም ነው። በየሦስት ዓመቱ ተስፋን በተስፋ የሚለውጥ ክለብ መቼ ነው የሚያሸንፈው? ልጁን ለማየት ማሊያውን ለብሰው ስቴዲየም የሚገቡት የሞንጎመሪ ካውንቲ ልጆች መልስ ይገባቸዋል። አምደኛው ይህን ስሜት ነው ሊለው ይችላል። ለእኔ ግን ስሜቱም ከስሌቱ ጋር ይሄዳል።

በምንም ዋጋ አይሰጥ ግን አልልም። ክለቡን አሁን የሚመራው ፖል ቶቦኒ አዲስ ነው፣ ከማንም ጋር የቆየ ትስስር የለውም፣ ስልክ ሲደወል ማንሳት አለበት። የእኔ መስፈርት ሁለት ነገር ነው። የሚመጣው ሰው በዋናው ሊግ ራሱን ያስመሰከረ ይሁን፣ የቀሩት ዓመታትም ከዉድ ጋር ይቀራረቡ። የፒትስበርጉ ፖል ስኪንስ በ2025 ከ2 በታች በሆነ ኢአርኤ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ መጠን በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ) የምርጥ ፒቸር የሆነውን የሳይ ያንግን ሽልማት ወስዷል፣ እስከ 2029ም በክለቡ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ማይነር ሊግ (ከዋናው በታች ያለው ሊግ) ላይ ያሉ ሁለት ክንዶች ግን እዚያ ሚዛን ላይ አይደርሱም።

የሚቀጥለው ሥራዬ ቡድኑ ዌስት ፓልም ቢች ልምምድ ሲጀምር ነው። የማየው ዉድ ሁለት ስትራይክ ሲደርስበት የባቱን አሰነዛዘር ያሳጥር እንደሆነ፣ በተለይ በግራ እጃቸው በሚወረውሩ ፒቸሮች ላይ። ደብተር የምትይዙ ካላችሁ የእሱን ረድፍ ለይታችሁ ያዙልኝ፣ ቆሞ ያለፈበትንና ሰንዝሮ የሳተውን ኬ ለያይታችሁ። ሚያዝያ ላይ የየራሳችንን አምጥተን እናስተያያለን።