የቮልስ ፍሪሲዮን ካቦ አስተካከል

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይጎትት ከሆነ፣ የፍሪሲዮኑ (ሞተሩንና ማርሹን የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ሸራ አልቋል ከማለት በፊት የፍሪሲዮኑን ፔዳል ልል እንቅስቃሴ ለኩ። ፔዳሉን በእጅ ስትጫኑት ጠንከር እስኪል ድረስ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ከዚያ ካነሰ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይይዝም፤ ሸራው ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ከበዛ ደግሞ በደንብ አይለቅም፤ በተለይ የኋላ ማርሽ እየተንጫጫ ይገባል።

ሜዳ ቦታ አቁሙ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ተዳፋት መንገድ ላይ አትሞክሩት። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አስደግፉ፤ የግራውን የኋላ ጎማ አንስታችሁ ፍቱ፣ መኪናውንም በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም!

በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በስተግራ፣ ካቦው (ከፔዳሉ የሚመጣው የብረት ገመድ) ፍሪሲዮኑን ከሚያላቅቀው ማንሻ ጋር የሚያያዝበት ጫፍ ላይ ባለ ክንፍ ዳዶ አለ። የካቦው ጫፍ አብሮ እንዳይዞር በፒንሳ ያዙት። ዳዶውን ስታጠብቁ ልሉ ይቀንሳል፣ ስታላሉ ይጨምራል። ክንፎቹ ማንሻው ላይ ባለው ጎድጎድ ውስጥ በትክክል መቀመጣቸውን እዩ፤ አለዚያ በንዝረት ይፈታል። ዳዶው የሚገባበትን የካቦውን ጥርስ ግራሶ ቀቡት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ካቦው የሚያልፍበትን ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መጉበጥ አለበት። ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ በቱቦውና በመያዣው መካከል ሮንዴላ በመጨመር ይስተካከላል።

ዳዶው እስከ መጨረሻው ጠብቆም ልሉ ካልቀነሰ ካቦው ተስቧል፤ ለውጡት።