አንዲት ቆርቆሮ

ዛሬ ወደዛ አሮጌ በረት ሄድኩ። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለው፣ ሁሌ እያየሁት የማልፈው። መጨረሻ የገባሁበት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ ያኔ ከጣራው አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ነበረች የተነሳችው፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጠርዟ ብድግ እያለ ቋ ቋ ትላለች። ዛሬ ስገባ ግማሹ ጣራ የለም። ወለሉ ላይ ውሃ አቁሯል።

አንዲት ቆርቆሮ እኮ ናት። ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው እሱ ነው።

ቆርቆሮ ደሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስስ ሆኖ ሳለ ሸንተረሩ ነው ጉልበት የሚሰጠው፣ በፈረንጆቹ 1829 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ፓልመር የሚባል ኢንጂነር ነው ፓተንት ያወጣበት፣ ዚንክ ውስጥ መንከሩ ከዛ በኋላ መጣ። ዚንኩ እስካለ ብረቱን ይጠብቀዋል፣ ግን ሚስማር የገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ቶሎ ይሄዳል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ነፋሱ ያነሳዋል በቃ። ከዛ ዝናቡ በቀጥታ ወራጁ ላይ ነው። እንጨት እርጥበቱ ከ20 ፐርሰንት በታች ከሆነ ፈንገስ አይነካውም፣ መቶ ዓመትም ከዛ በላይም ይቆማል፣ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ግን ያልቅለታል፣ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ደግሞ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ነው ምክንያቱም እዛ አየር ስለማያገኝ አይደርቅም። ከውጭ ስታዩት ደህና ነው። አንዱን በቤቴ ቁልፍ ጫን ሳደርገው ቁልፉ እስከ ግማሹ ሰመጠ። ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ያ እንጨት ከላዬ ያለውን ሁሉ የተሸከመ ነው፣ ቀስ ብዬ ወደ በሩ ተመለስኩ።

ግድግዳውም ከላይ ክዳኑን ሲያጣ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል እየገባ ጭቃውን አጥቦ ያወጣዋል፣ ድንጋዩ ያለ ማያያዣ ይቀራል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አንድ ቀን ዝርግፍ ይላል።

"ለምን ዝም ብለው ተዉት" የሚል ሰው ያናድደኛል። ማን ወዶ ይተዋል? በሩ የተሠራው ለከብት ልክ ነው፣ ትራክተር አይገባበትም። ልጆቹ ከተማ ገቡ፣ ርስቱ ለአምስት ለስድስት ወንድምና እህት ተከፈለ፣ አንዱ ልሽጥ ሲል ሌላው እምቢ፣ ጣራ ለማደስ ደግሞ ማንም ብቻውን ከኪሱ አያወጣም፣ በዚህ መሃል ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም። ብዙ ቦታ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

ገና ጣራ ባለው በኩል ግርግሙ አለ። የፊት ጠርዙን በእጄ ዳሰስኩት፣ የከብቶቹ አንገት እየተሻሸበት አለስልሶታል፣ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል፣ አናጺ ሆን ብሎ እንደዛ ማድረግ አይችልም። ስንት ዓመት ፈጅቶ ይሆን። ከሱ በላይ ማገሩ ላይ ጉጉት ሰፍራለች መሰለኝ፣ ታች ድርቅ ያለ የጸጉር ድብልብል ወድቋል፣ አንዱን ስፈረካክሰው የአይጥ መንጋጋ ወጣ፣ ጥርሱ ሳይቀር እንዳለ ነው። ጉጉት አይጧን ሳታኝክ ትውጥና አጥንቱንና ጸጉሩን መልሳ ትተፋዋለች። ደስ አለኝ፣ ሰው የሚኖርበት ባይሆንም ኗሪ አለው ማለት ነው። ውጭ ደግሞ ግድግዳውን ታኮ ሳማ በደረቴ ልክ በቅሏል፣ ሳማ ፎስፈረስ ይወዳል፣ የእበቱ ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ከብቱ ሄዶ እንኳን መሬቱ ገና አልጨረሰውም።

በሩ ጀርባ ላይ በከሰል የተሰመረ ቁጥር አለ። አራት መስመር፣ አምስተኛው በላያቸው ተጋድሞ፣ እንደገና አራት። ጆንያ ሲቆጥሩ ይሁን ምን አላውቅም፣ የመጨረሻው ላይ ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው። ፎቶ አነሳሁት። ውሃው እሱጋ ገና አልደረሰም።

ልሄድ ስል ዝናብ ጀመረ። በዚህ በኩል ቆርቆሮው ላይ ይጮሃል፣ በዛ በኩል ወለሉ ላይ ያለ ድምፅ ይወርዳል። እስኪያባራ ቆምኩ። ስወጣ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት፣ የቀረው አንድ ማጠፊያ ነው ግን ይዘጋል።