ያልተረጋገጠ ገንዘብ ተስፋ ነው

ርዕሱ የራሴ ንግግር ነው። በስብሰባ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ የተናገርኩት። የሽያጭ ኃላፊያችን ደንበኛ ማስጠበቅ ሰልችቷቸው «ቢትኮይኑ መላኩ ከታየ የሶፍትዌሩን የፈቃድ ቁልፍ ለምን ወዲያው አንሰጠውም?» አሉ። እኔም ዘረዘርኩት፦ ብሎክ ውስጥ፣ ማለትም ግብይቶች ተጠቃለው በሚመዘገቡበት ጥቅል ውስጥ፣ ያልገባን ግብይት ላኪው የማስተላለፊያ ክፍያ ጨምሮ በሌላ ሊተካው ይችላል፤ ድሮ የምንጠነቀቀው «ልተካ እችላለሁ» የሚል ምልክት ከያዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ከቢትኮይን ኮር 28 (ብዙዎቹ የመረቡ ኮምፒውተሮች ከሚጠቀሙበት ፕሮግራም) ወዲህ ግን ፕሮግራሙ ባለቤቱ ሳያዘው ምልክት ኖረም አልኖረም ምትኩን ይቀበላል። የፈቃድ ቁልፍ ደግሞ አንዴ ከእጅ ከወጣ ወጣ። ኃላፊዋ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አደረጉ። የረታኋቸው መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ለአንድ ፕሮግራም ሠሪ ድርሻውን ልከን ግብይቱ ሜምፑል ውስጥ፣ ብሎክ በሚጠበቅበት ወረፋ፣ ተወሸቀ። የመደብኩለት የማስተላለፊያ ክፍያ ለአንድ ቨርቹዋል ባይት (የግብይት መጠን መለኪያ) 2 ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ ሽራፊ) ነበር፤ በዚያ ቀን ወረፋው ረጅም ስለነበር ዞር ብሎ የሚያየው አልተገኘም። ሰውየው በየሰዓቱ ይጽፋል። እኔም በእውቀቴ ተጠቀምኩበት፤ ያንኑ ግብአት (ግብይቱ የሚያወጣውን፣ ቀድሞ እጃችን የገባ ቢትኮይን) ይዤ፣ የማስተላለፊያ ክፍያውን ወደ 15 አሳድጌ ተካሁትና ኮራ ብዬ ለምሳ ወጣሁ።

የተተካ ግብይት መለያ ቁጥሩ ይለወጣል። የክፍያ ፕሮግራማችን የሚከታተለው የድሮውን ቁጥር ነበር። ፈልጎ አጣው፤ «አልተላከም» ብሎ ክፍያውን መልሶ ወረፋ አስያዘው፤ ተረኛው ባልደረባዬም ቀዩን ምልክት አይቶ «ድጋሚ ላክ» የሚለውን ተጫነ። ፕሮግራሙ አሁን የመረጠው ሌላ ግብአት ነው። ሁለቱ ግብይቶች የሚሻሙበት የጋራ ነገር ከሌለ አንዱ ሌላውን አይሽርም፤ ከምሳ ስመለስ ሁለቱም ብሎክ ገብተው ጸንተዋል። ፕሮግራሙን ማን እንደ ጻፈው አልናገርም። በመሰናበቻው ቀን ግን «ይህ ለዓመታት እጅ የሚነካው አይደለም» ብሎን ነበር።

ኃላፊዋ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«ተስፋችን ሁለት ጊዜ ተፈጸመ አሉ፤ እውነት ነው?»

ያስጠነቀቅኩት ሌላ ሰው ስለሚልክልን ግብይት እንጂ እኛው ስለምንልከው እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ታዲያ የራስን ማመን ይቻላል?»

መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ኪሳራው አይደለም፤ ይህን ሲጠይቁኝ ገልጠው የያዙት ገጽ ነው። ዓረፍተ ነገሬ ከነትምህርተ ጥቅሱ ሰፍሮ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። አንደኛው መስመር ትኩስ ነበር፤ ቀለሙ ይለያል።

ሰውየው ጨዋ ሆኖ ተገኘ። በትርፍ የደረሰውን በዚያው ማታ መልሶ ላከ፤ ለአንድ ቨርቹዋል ባይት 1 ሳቶሺ ከፍሎ። ሒሳብ ሠራተኛው ወሩን ሊዘጋ ተቀምጧል።

«ገብቷል ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ሰዓቱን አየሁ። የኃላፊዋን በር አየሁ።

«ጻፍ» አልኩት።

ጠዋት መለያ ቁጥሩን ስፈልገው የለም። ላብ በጀርባዬ ወረደ። በመቀበያ አድራሻችን በኩል ስፈልግ ገንዘቡ ሌሊቱን በሌላ ቁጥር ገብቶ 3 ማረጋገጫ (የገባበትን ጨምሮ ሦስት ብሎክ) አግኝቷል፤ ሰውየው መዘግየቱ አሳፍሮት የማስተላለፊያ ክፍያውን ጨምሮ ተክቶት ኖሯል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን አሁንም የድሮው ቁጥር ነው። ኦዲተር እስኪጠይቅ ድረስ እኔም ዝም ብያለሁ።