ከጎርጎራ ተነስቶ ሰው የሌለበት ደሴት ፍለጋ

ጎንደሬን ደሴት ቢያምረው ሩቅ መሄድ የለበትም። በቆላ ድባ በኩል ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጎርጎራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጣና። እኔን ያማለሉኝ ግን ስማቸው የገነነው ገዳማት አልነበሩም። ሰው የማይኖርባቸው፣ ካርታ ላይ ነጥብ የሚያክሉት ትንንሾቹ ናቸው።

ደሴት ፍለጋ ሲባል ባለ ሸራ ጀልባ ይታሰብ ይሆናል፤ እዚህ ግን ከየት ይመጣል? ያለው የሞተር ጀልባና ታንኳ ነው። ለሩቁ ጀልባ ተከራየሁ፣ ዳር ዳሩን በታንኳ ዞርኩ። ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ በቀላሉ አይሰጥምም። ውሃ እየጠጣ ግን ይከብዳል። አጥማጆቹ ከሥራ ሲመለሱ ዳር ላይ አቁመው የሚያደርቁት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመሳፈሬ በፊት “ደርቋል ወይ?” ብዬ እጠይቃለሁ። ባለቤቶቹ አይቀየሙም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ሁሉን የሚወስነው ነፋሱ ነው። ጠዋት ጣና ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ሲነሳ፣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጥም። “ልጄ፣ ቁርስህን እዚያው ትበላለህ፣ ምሳህን እዚህ” አሉኝ ባለ ጀልባው። እሺ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ሒሳብ ስትነጋገሩም በቦታ ሳይሆን በሰዓት ተነጋገሩ፤ ባለ ጀልባው የሚጠብቅበት ጊዜም ገንዘብ ነው። ላይፍ ጃኬት ከሌለ ደግሞ አትሳፈሩ፣ በቃ።

“ሰው የለበትም” የተባለው ደሴት ባዶ ሆኖ አላገኘሁትም። ጥቁሩ ድንጋይ በወፍ ኩስ ነጭ ሆኗል። ቁጥቋጦው ውስጥ አርጃኖ ይንኮሻኮሻል። ወፎቹ እንቁላል ላይ ከሆኑ አለመውረድ ይሻላል፤ እናቲቱ ስትነሳ እንቁላሉ ለፀሐይና ለሌላ ወፍ ይጋለጣል። እንዲህ ሲሆን ደሴቱን በጀልባ ዞረን እናልፋለን። ደንገል የበዛበት ዳርም ያስፈራኛል፤ ጉማሬ ሊኖር ይችላል። ለመውረድ ድንጋያማውን ጎን እመርጣለሁ፣ ቦቲ ጫማም አደርጋለሁ። የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚወደው ሣር ያለበትን የረጋ ውሃ ስለሆነ በባዶ እግር እዚያ መንቦጫረቅ ጥሩ አይደለም። ስንቄ በሶና ከቤት የያዝኩት ውሃ ነው። እሳት ማንደድ አያስፈልግም።

ሐይቁን የወረረውን የውሃ አረም፣ እምቦጩን፣ ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሰሜን ምሥራቁ ዳር የበዛው አንድም ነፋሱ ወደዚያ ስለሚገፋው ነው። ሞተሩ ላይ ከተጠመጠመ ማጥፋትና በእጅ መንቀል ነው፤ በግድ ልሂድ ማለት ሞተር ያቃጥላል።

ገዳም ወዳለበት ስትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጎርጎራ አቅራቢያ ያለው “ማን እንደ አባ መድኃኔዓለም” የሚባል ገዳም ሴት አይገባበትም፤ ዳጋ ደሴት ላይ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ። ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ ጎርጎራ ላይ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ የግድግዳ ሥዕሎቿ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳሉ።

ቀጣዩ ሐሳቤ ዳጋ ነው። ግንቡን በየቀኑ የምናየው ዐፄ ፋሲል አፅማቸው ያለው እዚያ ነው፤ ብዙ ጎንደሬ ግን ሄዶ አላየውም። ከጎርጎራ በትንሽ ጀልባ ግን አልሞክረውም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ነፋሱ መሐል ላይ ይደርስብኛል። በባሕር ዳር በኩል ይቀርባል።