ልጄ ቁርሱን ራሱ ይጨብጣል

ደብረ ብርሃን ላይ ልጅን ጠዋት ከብርድ ልብስ ውስጥ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ሲያድር። እንደምንም የወጣውም ልጅ የሚጠይቀው ሻይ በዳቦ ነው። ሙቅ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ለእኔም ይቀለኛል። ግን ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን አይረን ይቀንስበታል፤ በስኳር የሞላ ሆድ ደግሞ አራት ሰዓት ሳይሆን ይጮሃል። ስለዚህ ሻዩን ከቁርስ ላይ አነሳሁት። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ በምን ልተካው የሚለው ነው፣ ምክንያቱም የሦስት ዓመት ልጅ ለጤናህ ነው ስለተባለ አይበላም።

የእኔ ልጅ አፉን የሚከፍተው እጁ ላወቀው ነገር ነው። ይህ ከገባኝ በኋላ ጨዋታና ቁርስ ለየብቻ ማዘጋጀት ተውኩ።

የጀመርኩት በበሶ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ ልጁ እያሸ ጣቱን ቢልስ አያሳስበኝም። የስንዴ ሊጥ እንዲህ አይደለም፤ ጥሬ ዱቄት ሆድ የሚያሳምም ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል ዳቦ ስናቦካ እጁን ወደ አፉ እንዳይወስድ ቆሜ እጠብቃለሁ። በሶውን ትንሽ ሳህን ላይ አደርግለታለሁ፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ የቀለጠ ቅቤ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ ጠብ ጠብ። መጀመሪያ ዱቄቱ ጣቶቹ ላይ ይለጠፍና "እማ፣ ያዘኝ!" ብሎ ይጮሃል። ትንሽ ውሃ ሲጨመር እንደ እርጥብ አሸዋ ይፈረፈራል። ከዚያ ድንገት ይሰበሰብና እጁ ይጸዳል። ይህችን ነው የሚወዳት። ሲጨብጠው የአራት ጣቶቹ ምልክት ጭብጦው ላይ ይቀራል፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእህቱ፣ አንዱን ላልተነሣው አባቱ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የራሱን ግጥም አድርጎ ይበላል። ከጎኑ ወተት ወይም እርጎ ካለ ቁርስ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ፦ ደረቁን በሶ ወደ አፉ እንዳይበትነው። ትን ይላል።

አማቴ መጀመሪያ አልወደዱትም። "በእህል ይጫወታል እንዴ? ግፍ ነው፣ ልጄ!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኢንተርኔት ላይ ሩዝ ቀለም ነክረው ለልጅ መጫወቻ ሲያደርጉት ሳይ እኔም ደስ አይለኝም፣ እህል ነውና። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሕግ ሆነ፦ ልጅ የሚነካው እህል ሁሉ መድረሻው ድስት ነው። ቅንጬው ከመሠራቱ በፊት ባለው ማታ ክኩን ሰፌድ ላይ ይዞ ጠጠር ይለቅማል፣ ያገኛትን ሁሉ እያመጣ ያሳየኛል። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ያጥበዋል፣ ከጣሳ ወደ ጣሳ ይገለብጣል፣ ውሃው ሲጠራ ያያል። አሁን አማቴ ራሳቸው አበጣጠር ያስተምሩታል። ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀረው፤ ለዶሮዎቹ።

ክኩን ውሃ ውስጥ ማሳደሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቅንጬም ቆላ ካለ ዘመድ ቤት ይልቅ ይቆይብናል። ውሃ ውስጥ ያደረ ክክ ግን ጠዋት ቶሎ ይበስላል፣ ጋዝም ይቆጥባል።

ታናሿ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቋ ነው። እሷ አጠገብ ጥሬ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ቆሎ የሚባል ነገር አይደርስም። አፍም አለ፣ አፍንጫም አለ፣ ጆሮም አለ። ለእሷ ተልባ ነው። ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ይዝለገለጋል፤ ጣቷን ትነክርና ስታነሣው ክሩ ይከተላታል፣ እንደገና ትነክራለች። የነከረችበትን እዚያው እንድትልሰው እተዋታለሁ፣ የቀረውን አጥልዬ በትንሽ ማር አጠጣታለሁ። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም። መብላት የማያስፈልገው ጨዋታ ስፈልግ ደግሞ ከመንዝ የመጣ የበግ ጸጉር አለን። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ባና ሳይሆን የተረፈ። መጎተትና መቦጨቅ ነው ሥራዋ።

ከሁሉም ያተረፍኩበት ብቅሉ ነው። ብቅል ሲባል ጠላ ብቻ ነው የሚታሰበን። ታላቁ ገብሱን ነክሮ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያሰጣል፣ በየጠዋቱ ውሃ ይረጫል፣ ነጩ ሥር ብቅ ሲል ቤቱን ሁሉ ይጠራል። በዚህ ብርድ ቶሎ ስለማይበቅል ምድጃው አጠገብ ነው የምናስቀምጠው። የሻገተ ከታየ ጨርሶ ይጣላል። ካልሻገተ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል። ወፍራም ገንፎ ከእሳት አውጥቼ ትንሽ ሲቀዘቅዝ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት አማስልበታለሁ፤ ውሃ ሳይጨመር ዐይኔ እያየ ይቀጥናል፣ ብቅሉ ስታርቹን ስለሚሰባብረው ነው። ከዚያ መልሼ አንተክትከዋለሁ። ለትንሽ ሆድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በውሃ የቀጠነ ሙቅ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት የለውም፤ ይኼኛው ግን እህሉ ያው ሆኖ በቀላሉ ይዋጥላታል።

በጾም ወቅት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ልጆች ጾም የሚጀምሩት ከሰባት ዓመት ወዲያ ነው፣ ግን ብዙ ቤት ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉም ወተቱም ከልጆቹ ይቀራል። እኔ አንዲት ትንሽ መጥበሻና አንድ ማንኪያ ለልጆቹ ብቻ ለየሁ፣ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። አማቴም አላጉረመረሙም፣ ማንም አይሳሳትማ።

ፍራፍሬ ከሸዋ ሮቢት በጣርማ በር ሲመጣልን ፓፓያውን ከቅንጬው ጋር አቀርባለሁ፣ ቫይታሚን ሲ ስላለው ከእህሉ የሚገኘውን አይረን ያግዛል፣ ለሁለት ከፍዬ ስሰጣቸውም በማንኪያ እየፋቁ ይበሉታል። ማንጎ ግን ልብስ አውልቆ የሚበላ ነገር ነው። ጠዋት እዚህ ማን ያወልቃል? ማንጎ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ ደጅ።